የአውራ ጣት መጣመም፦ በጫማ ኃይልና በጡንቻ ኃይል መካከል

ስለ ሰው አካል አሠራር ሲነሣ በአብዛኛው የሚታወሱን ልብ፣ ዓይንና አንጎል ናቸው። እግር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይሁንና በእያንዳንዱ እግራችን ውስጥ 26 አጥንቶችና ከ30 የሚበልጡ መገጣጠሚያዎች ይገኛሉ። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ እርምጃዎችን በተራመድን ቁጥር መላውን የሰውነታችንን ክብደት እየተቀባበሉ የሚሸከሙት እነዚህ ትንንሽ አካላት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከመገጣጠሚያዎቹ መካከል አንዱን፣ የእግር አውራ ጣት የተተከለበትን ሥር ነው።

ጉዳዩን ለማንሣት ያነሣሣን ከሴት ተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። አዳማ የሆቴልና የስብሰባ ከተማ እንደመሆኗ በርካታ ወጣት ሴቶች በመስተንግዶ፣ በባንክ፣ በሱቅና በቢሮ ሥራ ላይ ተሰማርተው ቀኑን ሙሉ በጠባብ ጫማ ላይ ቆመው ይውላሉ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አይደለም። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ አውራ ጣታቸው ወደ ሌሎቹ ጣቶች እየዘመመ፣ በሥሩም ላይ እብጠት እየወጣና እየቀላ ሲሄድ ያስተውላሉ። ያን ጊዜ አንዱ «ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ አይድንም» ይላቸዋል፤ ሌላው በጣቶች መካከል የሚገባ ፕላስቲክ ይሸጥላቸዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ስፖርት ሥሪ፣ ይቃናል» ይላቸዋል። ከእነዚህ ምክሮች የትኛው እውነት ነው? መልሱ የወጣቷን ገንዘብ፣ ሥራዋንና እስከ እርጅና የሚዘልቅ የአረማመድ ጤንነቷን የሚመለከት በመሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ጥያቄው በመሠረቱ የኃይል፣ የማዕዘንና የጊዜ ጥያቄ በመሆኑ በሙያችን በኩል የምንለው ይኖረናል።

ችግሩ ምንድን ነው?

በሕክምና ቋንቋ ሃሉክስ ቫልገስ ተብሎ የሚጠራው ይህ ችግር ብዙዎች እንደሚያስቡት አዲስ አጥንት በቅሎ የሚፈጠር እብጠት አይደለም። ከእግር መሐል ተነሥቶ እስከ አውራ ጣት ሥር የሚዘልቅ አንድ ረጅም አጥንት አለ፤ ስሙም አንደኛው ሜታታርሳል ይባላል። ችግሩ ሲከሠት ይህ አጥንት ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ያዘነብላል፤ አውራ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ይዘማል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ማጠፊያ ነው በቆዳው በኩል ጎልቶ እብጠት የሚመስለው። ጫማ በቦታው ላይ ሲፈትገው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያማል።

ሐኪሞች የችግሩን መጠን የሚለኩት በራጅ ፎቶግራፍ ላይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ማዕዘን በማንበብ ነው። ማዕዘኑ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ቀላል፣ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ መካከለኛ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ደግሞ ከባድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶው ይህ ችግር አለባቸው። ከሴቶች 30 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 13 በመቶ የሚሆኑት የተጠቁ መሆናቸውንም ይኸው ሥራ ገልጿል።

ከአዋሽ ዳርቻ የተገኘ ምስክር

አውራ ጣት ለምን ይህን ያህል ትኩረት እንደሚሻ ለመረዳት ከዚህ ከስምጥ ሸለቆአችን የተሻለ መጽሐፍ የለም። በአፋር ክልል በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው አርዲ አውራ ጣቷ እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የተገነጠለ ነበር፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ያገለግላት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሚሊዮን ዓመታት በሰው ዘር መሥመር ይህ ጣት ቀስ በቀስ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ተሰልፎ የመጨበጫ ሥራውን ትቶ መሬትን ገፍቶ ወደ ፊት የመስፈንጠሪያ መሣሪያ ሆነ። ከአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ፣ በኦሮሚያ ክልል ከሚገኘው የመልካ ቁንጥሬ መካነ ቅርስ፣ የ700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር አሻራዎች ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም ተዋውቀዋል። በቆቃና በወንጂ በኩል የሚያልፈው ይኸው ወንዝ ነው።

ስለዚህ አውራ ጣት በአንድ መሥመር መሰለፉ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተረከዛችንን አንሥተን ወደ ፊት ስንራመድ የመጨረሻው ግፊት የሚያልፈው በዚህ ጣት በኩል ነው። ጣቱ ከዘመመ ግፊቱ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ጣት ሥር ይዛወራል፤ በዚያም ቆዳ ይጠጥራል፣ ሕመም ይከተላል፣ አረማመድም ይለወጣል።

ጫማ እንደ ሽብልቅ

የችግሩ መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በ350 ሕሙማን ላይ የተደረገ የቤተሰብ ጥናት እንዳሳየው 90 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ዘመድ ነበራቸው። እናቷ ወይም አያቷ የተጠማዘዘ አውራ ጣት ያላት ወጣት ከሌሎች ይልቅ አስቀድማ መጠንቀቅ ይገባታል ማለት ነው። የመገጣጠሚያ ጅማቶች ልል መሆንም ሌላው ምክንያት ነው።

የጫማ ድርሻ ግን በታሪክም በፊዚክስም ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ታዋቂ ጥናት ጫማ ከሚያደርጉት 33 በመቶው፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ደግሞ 1.9 በመቶው ብቻ የተጣመመ አውራ ጣት እንዳላቸው አሳይቷል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ከመካከለኛው ዘመን መቃብሮች የወጡ 177 አፅሞችም ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተቀበሩት መካከል ችግሩ የታየው በ6 በመቶው ላይ ሲሆን፣ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ወደ 27 በመቶ አድጓል። በእነዚያ በኋለኞቹ ዘመናት በከተማይቱ የገነነው ፋሽን ጫፉ የሾለ ጫማ ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ክብደቷ 55 ኪሎ ግራም የሆነች ወጣት በሁለት እግሯ ስትቆም እያንዳንዱ እግር ወደ 270 ኒውተን የሚጠጋ ጭነት ይሸከማል። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ያለው ርቀት 17 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 8 ሴንቲ ሜትር ታኮ ያለው ጫማ ስታደርግ የእግሯ መርገጫ ቁልቁለት ይሆናል። በትምህርት ቤት የተማርነው የዘመመ ወለል ሕግ እንደሚነግረን በቁልቁለቱ ላይ ወደ ታች የሚያንሸራትተው ኃይል 270 ሲባዛ 8 ሲካፈል ለ17፣ ማለትም 127 ኒውተን ያህል ነው። ይህ ወደ 13 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ጋር ይስተካከላል። ታኮው 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ኃይሉ ወደ 48 ኒውተን ዝቅ ይላል። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ኃይል የተወሰነውን ሰበቃና የጫማው ማሰሪያ ይይዙታል፤ ቀሪው ግን ጣቶችን ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋል።

የጫማው አፍንጫ ሹል ከሆነ ደግሞ ሥራው የሽብልቅ ሥራ ይሆናል። እንጨት ፈላጭ ሽብልቁን ከላይ ሲመታው እንጨቱ የሚከፈለው ወደ ጎን ነው፤ ሽብልቁ ቀጭን በሆነ መጠን የጎን ኃይሉ ይበረታል። በሹል ጫማ ውስጥ ይኸው ሕግ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ወደ ፊት የተገፉት ጣቶች ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል ይጨመቃሉ። ረጅም ታኮና ሹል አፍንጫ በአንድ ጫማ ላይ ሲገናኙ አንዱ ገፊ፣ ሌላው ጨማቂ ሆነው ይተባበራሉ።

የደጋኑ ሕግ

ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው ነጥብ የጽሑፋችን እምብርት ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱ ረጃጅም ጅማቶች አሉ። ጣቱ ቀጥ ብሎ ሳለ እነዚህ ጅማቶች በመገጣጠሚያው መሐል በኩል ስለሚያልፉ ወደ ጎን የሚስቡት ነገር የለም። ጣቱ መዝመም ሲጀምር ግን ሁኔታው እንደ ደጋንና እንደ አውታሩ ይሆናል፦ አጥንቶቹ እንደ ደጋኑ ይጎብጣሉ፣ ጅማቶቹ እንደ አውታሩ በአቋራጭ ይወጠራሉ። ጅማቱ በተወጠረ ቁጥር ጉብጠቱን ያባብሰዋል።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በአንድ ማጠፊያ ላይ የሚያልፍ ውጥር ክር የሚፈጥረው የጎን ግፊት በማጠፊያው ማዕዘን ይወሰናል። የጅማቱ ውጥረት 20 ኒውተን ቢሆን፣ በ10 ዲግሪ መታጠፍ የጎን ግፊቱ 3.5 ኒውተን ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ግን ከ10 ኒውተን ይበልጣል። ማዕዘኑ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ትልቅ መጣመም ትልቅ ግፊት ይወልዳል፤ ትልቅ ግፊትም ይበልጥ ያጣምማል። ችግሩ ቸል ከተባለ በራሱ ጊዜ የሚባባሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን አዙሪት እንዲቋቋም በተፈጥሮ የተመደበ አንድ ጡንቻ አለ። ከተረከዝ ተነሥቶ በእግር ውስጠኛ ጠርዝ በኩል አልፎ አውራ ጣት ላይ ይታሰራል፤ ሥራውም ጣቱን ከሁለተኛው ጣት ማራቅ ነው። አብዳክተር ሃሉሲስ ይባላል። በጠባብ ጫማ ውስጥ የሚኖር እግር ግን ይህን ጡንቻ የሚያሠራበት ቦታ ስለማይኖረው ጡንቻው ይደክማል። የባሰው ነገር መጣመሙ ሲገፋ ጡንቻው ከጎን ተንሸራትቶ ወደ እግሩ ሥር መግባቱ ነው። ያን ጊዜ ቢኮማተርም እንኳ ጣቱን ወደ ታች ከማጠፍ በቀር ወደ ጎን ሊስበው አይችልም፤ በፊዚክስ አነጋገር የሚስብበት ክንድ ርዝመቱ ወደ ዜሮ ቀርቧል። እንግዲህ የአካል እንቅስቃሴ በቀላል ደረጃ ላይ የሚረዳበት፣ በከባድ ደረጃ ላይ ደግሞ አቅም የሚያጣበት ምሥጢር ይኸው ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 24 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለ8 ሳምንታት ተከታትለዋል። ሁለቱም ቡድኖች የጣት መደገፊያ ተጠቅመዋል፤ አንደኛው ቡድን ግን በተጨማሪ ጣት የመዘርጋት እንቅስቃሴ ሠርቷል። እንቅስቃሴውን የሠሩት ሰዎች ጡንቻቸው ወፍሯል፣ የመጣመም ማዕዘናቸውም ቀንሷል። በግብፅም 56 መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ሴቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ለ3 ወራት በባለሙያ እጅ የመገጣጠሚያ ማፍታታት፣ የጡንቻ ማጠናከሪያና የጣት መለያ የተጠቀሙት ሕመማቸው እንደቀነሰ፣ ጣታቸውም እንደበረታ፣ ለውጡም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደዘለቀ አስረድቷል። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ6 ወራት ቀጭንና ልል ጫማ አድርገው የተራመዱ ሰዎች የእግር ጉልበታቸው በአማካይ በ57 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል።

በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ2001 ከፊንላንድ የወጣው፣ 209 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት መዘንጋት የለበትም። መደገፊያ የተጠቀሙት ለጊዜው ሕመማቸው ቢቀልም ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት ያገኙት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ የሚከተለው ነው። የአካል እንቅስቃሴ ሕመምን ይቀንሳል፣ ጡንቻን ያበረታል፤ በቀላልና በመካከለኛ ደረጃ ላይ ማዕዘኑን በጥቂት ዲግሪዎች ሊመልስ ይችላል። በከባድ ደረጃ የተጣመመን አጥንት ግን ቀጥ አያደርግም። «በአንድ ወር ፍጹም ይቃናል» የሚል ማስታወቂያ ከአጥንት ተፈጥሮ ጋር የማይስማማ ተስፋ ነው።

የሚሠሩት እንቅስቃሴዎች

የሚከተሉት አምስት እንቅስቃሴዎች ገንዘብ አይጠይቁም። በቤት ውስጥ በንጹሕ ወለል ወይም ምንጣፍ ላይ፣ በባዶ እግር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጀመር ይቻላል።

አንደኛ፣ ጣት መዘርጋት። ተረከዝንና የጣቶችን ሥር መሬት ላይ አጽንቶ ጣቶችን ሁሉ ወደ ላይ ማንሣት፤ ከዚያም አስቀድሞ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ፣ ቀጥሎ አውራ ጣትን ወደ ውስጠኛው ጎን እያራቁ ማውረድ። ለ5 ሰከንድ አቆይቶ 10 ጊዜ መደጋገም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣቱ አልታዘዝ ቢል አያስገርምም፤ በእጅ እየረዱ ማለማመድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ እግርን ማሳጠር። ጣቶችን ሳያጥፉ የጣቶችን ሥር ወደ ተረከዝ ለመሳብ መሞከር። በዚህ ጊዜ የእግር ውስጠኛ ቅስት ከፍ ይላል። ይህንንም ለ5 ሰከንድ አቆይቶ 10 ጊዜ መሥራት።

ሦስተኛ፣ የላስቲክ እንቅስቃሴ። ሁለቱን እግሮች አጠጋግቶ ሰፋ ያለ ልል ላስቲክ በሁለቱ አውራ ጣቶች ላይ ማጥለቅ፤ ከዚያም ተረከዞችን ሳያነሡ እግሮቹን በቀስታ ማራራቅ። ላስቲኩ ጣቶቹን ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይስባቸዋል። ሕመም ከተሰማ ማቆም ይገባል።

አራተኛ፣ በእጅ ማፍታታት። በአንድ እጅ የጣቱን ሥር ይዞ በሌላው አውራ ጣቱን በቀስታ ወደ ፊት መሳብና ወደ ቀጥታው መሥመር ማምጣት፤ ለ10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ።

አምስተኛ፣ ባትን ማሳሳብ። በግድግዳ ተደግፎ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ለ30 ሰከንድ መቆየት። ዘወትር ታኮ የሚያደርጉ ሴቶች የባት ጡንቻቸው ስለሚያጥር፣ በእርምጃ ጊዜ ጭነቱ ቶሎ ወደ ጣቶች ሥር ይዛወራል፤ ይህ እንቅስቃሴ ያንን ያቃልላል።

ለዚህ ሁሉ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን የጊዜውን ሂሳብ አብረን እናስላ። አንዲት ወጣት ጠባብ ጫማ በቀን ለ9 ሰዓት ብታደርግ ይህ 540 ደቂቃ ነው፤ ከእንቅስቃሴው ጊዜ 36 እጥፍ ይሆናል። በጠዋት ለሩብ ሰዓት የቀና ጣት ቀኑን ሙሉ በሽብልቅ ውስጥ ከዋለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጫማውን ያልለወጠ እንቅስቃሴ፣ ቀዳዳ እንስራ በውኃ እንደመሙላት ይቆጠራል።

ጫማ ሲመረጥ

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ በባዶ እግር እንሂድ» የሚል ቢኖር ምክራችን ይህ አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም 42.195 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ የሰው እግር ምን ያህል ሊበረታ እንደሚችል ያሳያል። ይሁንና በአገራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያስከትላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው። ሙጀሌና መንጠቆ ትልም ሌሎች አደጋዎች ናቸው። የሚፈለገው ጫማን መጣል ሳይሆን የእግርን ቅርፅ የሚያከብር ጫማ መምረጥ ነው።

ለዚህም አንድ ቀላል ሙከራ አለ። በወረቀት ላይ ቆሞ የእግርን ዙሪያ በእርሳስ መሣል፤ ከዚያ ጫማውን በሥዕሉ ላይ ማስቀመጥ። ጫማው ከሥዕሉ ከጠበበ ጣቶች ተጨምቀዋል ማለት ነው። በዚያው ሥዕል ላይ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር፣ ከዚያም እስከ ጣቱ ጫፍ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ሁለት መሥመሮችን አሥምሮ በፕሮትራክተር ማዕዘኑን መለካት ይቻላል። ይህ የራጅን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን በየስድስት ወሩ ቢደገም መጣመሙ እየጨመረ መሄድ አለመሄዱን ይጠቁማል።

እንደ አዳማ ባሉ ሞቃት ከተሞች እግር ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው በማለዳ ሳይሆን አመሻሹ ላይ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ሊተርፍ ይገባል። ሰልባጅ ጫማ ሲገዛም ውስጡን መመርመር ያስፈልጋል፤ በሌላ ሰው እግር ቅርፅ የተጣመመ ጫማ አዲሱን እግር ወደዚያው ቅርፅ ይጎትታልና። የሥራ ደንብ ታኮ የሚያስገድድ ከሆነ በመንገድ ላይ ልል ጫማ አድርጎ ሥራ ቦታ ሲደርሱ መለወጥ፣ ታኮውንም ከ3 ሴንቲ ሜትር አለማሳለፍ ይመረጣል። አሠሪዎችም ሠራተኞቻቸው ለሰዓታት ቆመው በሚውሉበት ሥራ ላይ ሹል ጫማን እንደ ጨዋነት መለኪያ ማየታቸውን ቢተዉ ምንም ሳያወጡ ብዙ ሕመም ያስቀራሉ።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የጣቱ ሥር በድንገት ቢቀላ፣ ቢያተኩስና ቢያብጥ ሪህ ወይም ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በእንቅስቃሴ ከመድከም በፊት መመርመር ይገባል። የስኳር ሕመም ያለባትና እግሯ የሚደነዝዛት ሴት ላስቲክም ሆነ የጣት መለያ ያለ ሐኪም ምክር መጠቀም የለባትም፤ ሳይሰማት ልትቆስል ትችላለችና። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ጫማ ከተለወጠ በኋላም የማይተው ሕመም፣ እንዲሁም አውራ ጣት በሁለተኛው ጣት ላይ መደረብ የአጥንት ሐኪም የሚሻ ነው። ቀዶ ሕክምና ከ100 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ የሚደረገው ግን ለሕመም እንጂ ለመልክ ሲባል ሊሆን አይገባም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መጣመሙ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጃገረዶች ደግሞ በአብዛኛው ዕድገታቸው እስኪጠናቀቅ እንዲጠብቁ ይመከራሉ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ የደጋኑ ሕግ ለሚጠነቀቅ ሰው ያደላል። በ12 ዲግሪ ላይ የሚመከት ግፊት በ30 ዲግሪ ላይ ከሚመከተው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ጡንቻውም ገና ቦታውን አልለቀቀም። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የሚገኙ እኅቶቻችንና ልጆቻችን ዛሬ ማታ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይዘው እግራቸውን እንዲሥሉ፣ ጫማቸውንም በሥዕሉ ላይ እንዲያስቀምጡ እንጋብዛለን። ሁለቱ ካልተስማሙ መለወጥ ያለበት ጫማው ነው።